ግንቦት 9፦ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀ ደጋፊ ዋንጫ ሲያይ ምን ይሰማዋል?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9 ቀን 2006 ዓ.ም. ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብላ ባለች አንዲት ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ተቀምጫለሁ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ለሥራ ወደ ሰመራ እየሄድኩ አዋሽ ላይ ማደር ነበረብኝ። ቤቷ በቆርቆሮና በማዳበሪያ ከረጢት የተሠራች ናት። አግዳሚዎቹ ሞልተው ሰው መሬት ላይ ሳይቀር ተቀምጧል። የግንቦት የአዋሽ ሙቀት፣ የሰው ትንፋሽ ተጨምሮበት፣ ሸሚዝ ያስወልቃል።

የእንግሊዝ ኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ነው፤ አርሰናል ከሀል ሲቲ። በ4ኛው ደቂቃ ሀል አገባ። በ8ኛው ደቂቃ ደገመ። 2 ለ 0። ጥቂት ቆይቶም ኪራን ጊብስ ከመስመር ላይ በጭንቅላቱ ባያወጣት ኖሮ ሦስተኛዋ ትገባ ነበር።

ከፊቴ የተቀመጡ ሃምሳ ዓመት ገደማ የሚሆናቸው የከባድ መኪና ሹፌር ተነሱና ረዳታቸውን ጠቀስ አደረጉት።

«ተነስ እንሂድ እንተኛ። ይኼን ፊልም አይቼዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ገና ስምንት ደቂቃ እኮ ነው!»

«ስምንት ደቂቃ? ዘጠኝ ዓመት በለው እንጂ።»

ቤቱ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሄዱም። በሩ ድረስ ደረሱ፣ መጋረጃውን በእጃቸው ያዙ፣ እዚያው ቆሙ። የቀረውን ጨዋታ በሙሉ፣ ተጨማሪ ሰዓቱን ጨምሮ፣ በሩ ላይ ቆመው ነው ያዩት።

ዛሬ ልጽፍላችሁ ያሰብኩት በዚያ ምሽት ስላየሁት ስሜት ነው። ብዙ ዓመት ጠብቆ በመጨረሻ ዋንጫ ያየ ደጋፊ የሚሰማውን «ደስታ» ብለን ብቻ እንለፈው ካልን፣ ያየሁትን ነገር ግማሹን ጥለነው መሄዳችን ነው።

ለምን አዋሽ? ለምን ሰመራ?

አዋሽ የመንገደኛ ከተማ ናት። የፈረንሳዮቹ ባቡር ከጅቡቲ ተነሥቶ በድሬዳዋ በኩል በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ያለፈው በእሷ በኩል ነው። የባቡር ድልድዩ፣ ጣቢያውና የጣቢያው ቡፌ ከተማዋን ከተማ አደረጓት። ኋላም የመኪና መንገዱ እዚያው ለሁለት ተከፈለ፤ አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሎግያና ሰመራ፣ ከዚያም በጋላፊ ወደ ጅቡቲ።

እግር ኳሳችንም ይህን መንገድ ያውቀዋል። በ1950ዎቹ የሀገሪቱን ሻምፒዮንነት ደጋግሞ የወሰደው የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ኮተን፣ ወደ አዲስ አበባ ለመምጣት መንገዱ በአዋሽ ነበር። ያ ቡድን ከብዙ ዓመት በኋላ በ1975 ዓ.ም. እንደገና ሻምፒዮን ሆኗል። የአዋሽ ሰው ዋንጫ በመንገዱ ሲያልፍ እንጂ እቤቱ ሲገባ አላየም። በሸለቆው ላይኛው ክፍል ወንጂና መተሐራ የስኳር ፋብሪካ ቡድኖች ነበሯቸው። ከአዋሽ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው መተሐራ ቡድኗን እስከ ፕሪሚየር ሊግ አድርሳለች፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ወረደ።

ሰመራ ደግሞ ሌላ ዓይነት ናት። ከአዋሽ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ታች ስትወርዱ፣ በደረቁ ሜዳ ላይ እንደ አዲስ የተቆረቆረች የክልል ርዕሰ ከተማ ናት። ወንበሩን የተረከበችው ከጥንታዊቷ አይሳኢታ ነው። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ ከሀገሪቱ አራት ማዕዘን ተማሪ መጣባት። አባትህ የደገፈው፣ አያትህ የተጫወተበት የሚባል ክለብ በእንዲህ ያለች ከተማ ከየት ይመጣል? ከአፋር ክልል ተነሥቶ በፕሪሚየር ሊጉ የተጫወተ ክለብ የለም።

እናም የአዲግራቱ ተማሪ፣ የወላይታው ነጋዴ፣ የአፋሩ ወጣት፣ የአዳማው ሹፌርና የጎጃሙ ወታደር አንድ አግዳሚ ላይ ሲቀመጡ በጋራ የሚያወሩት ታሪክ የትኛው ነው? የሰፈር ትዝታ አይጋሩም። የሚጋሩት ቅዳሜን ነው። የሩቅ ሀገር ክለብ በእነዚህ ከተሞች የጋራ ዘመን መቁጠሪያ የሆነው እንዲህ ነው። «ያኔ ፋብሪጋስ ሳይሄድ» ካልከው፣ ከየትም ይምጣ፣ የትኛውን ዓመት ማለትህ እንደሆነ ይገባዋል።

3,283 ቀናት

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ። አርሰናል ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ዋንጫ ያነሳው ቅዳሜ ግንቦት 13 ቀን 1997 ዓ.ም. ነበር። ቀኑን ለማስታወስ ለኢትዮጵያዊ አይከብድም። የግንቦት 7ቱ ምርጫ ከተካሄደ ገና ስድስት ቀኑ ነው፤ ሀገሩ ሁሉ ውጤት ይጠብቃል። በዚያ ቀን አርሰናልና ማንቸስተር ዩናይትድ ያለ ጎል ተለያይተው ወደ መለያ ምት ሄዱ። ሌህማን የፖል ስኮልስን ምት አዳነ፣ ፓትሪክ ቪዬራ የመጨረሻዋን አገባ። አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሊጉን አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ በ26 ድልና በ12 አቻ የጨረሰ ቡድን ስለነበር፣ ማንም ሰው «ይህን ዋንጫ ደህና አድርጋችሁ እዩት፣ ቶሎ አይመለስም» አላለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ደጋፊው በልቡ ያውቀዋል፤ ለሌላው አንባቢ ግን በአጭሩ ላስታውስ።

ግንቦት 9 ቀን 1998፣ ፓሪስ። የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ከባርሴሎና። ሌህማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአስር ሰው ሶል ካምቤል አገባ፤ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ኤቶና ቤሌቲ ተከታትለው አገቡ። 2 ለ 1።

የካቲት 18 ቀን 1999፣ ካርዲፍ። የሊግ ካፕ ፍጻሜ ከቼልሲ። ዋልኮት ቀድሞ አገባ፣ ድሮግባ ሁለት መለሰ። 2 ለ 1።

የካቲት 20 ቀን 2002፣ ስቶክ። የ19 ዓመቱ አሮን ራምሴ እግሩ ተሰበረ። ተመልካቹ ዓይኑን ሸፈነ።

የካቲት 20 ቀን 2003፣ ልክ በዓመቱ፣ በዚያው ቀን። የሊግ ካፕ ፍጻሜ ከቢርሚንግሃም ሲቲ። በ89ኛው ደቂቃ ተከላካዩ ኮሸልኒና በረኛው ሼዝኒ አንዲት ቀላል ኳስ ላይ ተምታቱ፤ ኦባፌሚ ማርቲንስ ባዶ ጎል ውስጥ አስገባት። 2 ለ 1።

ነሐሴ 22 ቀን 2003፣ ኦልድ ትራፎርድ። 8 ለ 2። ስለዚህኛው ምንም አልጨምርም።

ነሐሴ 2004 ላይ ደግሞ አምበሉ ቫን ፐርሲ ወደዚያው ወደ ማንቸስተር ሄደ። ሀገሪቱ በጥቂት ቀናት ልዩነት ፓትርያርኳንና ጠቅላይ ሚኒስትሯን ያጣችበት ወር ነው። ያን ወር አርሰናልን የሚደግፍ ሰው ስለ ክለቡ ማዘን እንኳ ነውር መስሎት ሐዘኑን ለብቻው እንደያዘው የነገረኝ ብዙ ነው።

በመካከሉ ክለቡ ከአሮጌው ሀይበሪ ወደ ኤምሬትስ ስታዲየም ተዛውሮ ነበር። የስታዲየሙ ዕዳ እየተከፈለ ኮከቦቹ አንድ በአንድ ተሸጡ፤ ኦንሪ፣ ፋብሪጋስ፣ ናስሪ፣ ቫን ፐርሲ። አዋሽም በበኩሏ በእነዚያው ዓመታት የራሷን ታሪክ አጣች፤ የድሮው ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው መስመር መመላለሱን አቆመ። ጣቢያው ዝም ሲል ዲኤስቲቪ ቤቶቹ በዙ። ሰው የሚሰበሰብበትና የሚጠብቅበት ቦታ ተቀየረ።

ከግንቦት 13 ቀን 1997 እስከ ግንቦት 9 ቀን 2006 ድረስ 3,283 ቀናት አሉ። ዘጠኝ ዓመት ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ማለት ነው።

ያቺ ምሽት

በ17ኛው ደቂቃ ሳንቲ ካዞርላ ቅጣት ምት አገባ። ቤቱ ትንሽ ተነፈሰ። በ71ኛው ደቂቃ አቻ የምታደርገዋን ጎል ያገባው ማን መሰላችሁ? ኮሸልኒ። ያ ከሦስት ዓመት በፊት የካቲት 20 ከበረኛው ጋር የተምታታው ሰው። በተጨማሪ ሰዓት 109ኛው ደቂቃ ላይ ዢሩ በተረከዙ የመለሰለትን ኳስ ይዞ ሦስተኛዋን ያገባውስ? ራምሴ። ያ ከአራት ዓመት በፊት የካቲት 20 እግሩ የተሰበረው ልጅ። ቀኑስ? ግንቦት 9። ከስምንት ዓመት በፊት ፓሪስ ላይ ያለቀሱበት ቀን።

ይህን ድርሰት አድርጎ የጻፈ ደራሲ ቢኖር «አበዛኸው» እንለው ነበር። መዝገቡ ግን እንዲህ ነው የሚለው።

ዳኛው ሲነፋ ያየሁት ነገር ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ነው። መጀመሪያ ጩኸት አልነበረም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ያህል ዝምታ ነበር፤ ሰው ሁሉ «በእርግጥ አልቋል?» የሚል ይመስል ነበር። ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። አግዳሚ ተገለበጠ፣ ሰው በሰው ላይ ወደቀ። ወደ ውጭ ወጣን። የቆሙት ከባድ መኪኖች ጥሩምባ ተከታትሎ ይሰማ ጀመር። አንድ ሸሚዙን አውልቆ በራሱ ዙሪያ የሚያሽከረክር ልጅ «አቦ! አቦ! አቦ!» ከማለት ሌላ ቃል ጠፍቶበታል።

አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ግን ነገሩ ተቀየረ። ጭፈራው ቀዝቀዝ አለ፤ ሰው እየተነጠለ ወደ ዳር ወጣ። ሁሉም ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። መስመር ተጨናንቆ ደጋግሞ የሚደውል፣ ደዋዩን የሚረግም፣ የሚስቅ፣ ዓይኑን በክንዱ የሚጠርግ። ከሁለት ቀን በኋላ ሰመራ ስደርስም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስለዚያች ምሽት ያወሩኝ ተመሳሳይ ነገር ነው፦ ጩኸት፣ ከዚያ ስልክ። አንዱ ተማሪ ከአራት ዓመት ጀምሮ ተኳርፎት ለነበረ የሀገሩ ልጅ እንደደወለና «ያው አርሰናል አሸንፏል ልልህ ነው» ብሎ ከዚያ በኋላ የሚናገረው ጠፍቶት እንደነበር አጫወተኝ።

ዘግይቶ የሚያሸንፍ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ምስክር ነው። አብሮት የጠበቀውን ሰው። ዋንጫው ያመጣው ደስታ የአንድ ምሽት ነው፤ ከደስታው ጋር የሚመጣው ግን ያ ሁሉ ዓመት ነው። በ1997 ያየኸው ከማን ጋር ነበር? የት ነበርክ? ያ ሰው አሁን የት ነው? ዋንጫው እነዚህን ጥያቄዎች ሳታስበው አምጥቶ ፊትህ ያስቀምጣቸዋል። ዕንባው የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለዚህ ማስረጃ ካስፈለገ በዓመቱ የሆነውን ተመልከቱ። ግንቦት 22 ቀን 2007 አርሰናል ያንኑ ዋንጫ አስቶን ቪላን 4 ለ 0 አሸንፎ ደገመው። ጨዋታው ያማረ ነበር፣ ውጤቱም የሰፋ። ግን ስለዚያ ቀን የሚያወራ ደጋፊ ስንት ታውቃላችሁ? ያለቀሰስ? ዋንጫው አንድ ነው፤ ልዩነቱ ከፊቱ የነበረው የመጠበቂያ ርዝመት ነው።

ከራሳችን ታሪክ

ይህ ስሜት ከእንግሊዝ የመጣ ዕቃ እንዳይመስለን የራሳችንን እንይ።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ሁለት ጊዜ ከኋላ ተነሥታ ነው። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ ይድነቃቸው ተሰማ አሠልጣኝ፣ መንግሥቱ ወርቁ የመጨረሻዋን ጎል ያገባ። ውድድሩ ገና ሦስተኛው ነበር፤ ስለዚህ በዚያን ቀን ስታዲየም የነበረ ሰው ብዙ አልጠበቀም። መጠበቁ የመጣው ከዋንጫው በኋላ ነው። የ1954 ዋንጫ ዛሬ የሚከብደን ስላልደገምነው ነው።

በታኅሣሥ 1980 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሳ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ያለው ሕዝብ የተከታተለው በአብዛኛው በሬዲዮ ነው። በዕድሜ የገፉ የአዋሽ ሰዎችን ጠይቁ፤ ጎሉን ሳይሆን የደምሴ ዳምጤን ድምፅ ነው የሚያስታውሱት። ምስክር አብሮህ የተቀመጠ ሰው ብቻ አይደለም፤ ድምፅም ይሆናል።

በ1968 የተመሠረተው ኢትዮጵያ ቡናም የሊጉን ዋንጫ በ2003 ዓ.ም. በውበቱ አባተ አሠልጣኝነት ሲያነሳ ደጋፊው የጠበቀው ብዙ ዓመት ነው። ልብ በሉ፣ ያው የአርሰናል 2003 ነው። ሁለቱንም የሚደግፍ ሰው በአንድ ዓመት ውስጥ የቢርሚንግሃምን ውርደትና የቡናን ዋንጫ አይቷል። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ደግሞ ዋሊያዎቹ ሱዳንን በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰኢድ ጎሎች 2 ለ 0 አሸንፈው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። ዋንጫ እንኳ አልነበረም፤ ማለፊያ ነው። ሽማግሌዎች አደባባይ ወጥተው ያለቀሱት ግን ለ31ዱ ዓመት ነው።

«ለሰው ሀገር ክለብ?»

ይህን ስጽፍ የሚመጣውን አስተያየት አውቀዋለሁ። «የራሱ ስንት ጉድ እያለበት ለለንደን ክለብ የሚያለቅስ ትውልድ!» ይህን የሚል ሰው ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። የመግቢያ ብሩ ተሰብስቦ የሚሄደው ወደ ውጭ ነው፤ የሰመራ ልጅ የለንደንን ሜዳ ስም እየጠራ በሰፈሩ የሚጫወትበት ሣር የለውም። ይህ ሊያሳፍረን ይገባል።

ነገር ግን ሰው የሚጠብቅለት ነገር ከሌለው ከሌላ ቦታ ይዋሳል። የመተሐራ ቡድን ከፕሪሚየር ሊጉ ሲወርድ፣ ደጋፊው ዘጠኝ ዓመት ይጠብቅ ዘንድ ቡድኑ በዚያ ደረጃ መቆየት ነበረበት። የሀገራችን ክለቦች ትልቁ ድክመት መሸነፋቸው አይደለም፤ በጀት ሲቋረጥ፣ ስፖንሰር ሲሸሽ፣ ስም ሲቀየር አብረው መጥፋታቸው ነው። ለጠፋ ክለብ አይጠበቅም። አርሰናል ለአዋሹ ሹፌር ያደረገለት ነገር ቢኖር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እየተሸነፈም በየሳምንቱ መቅረቡ ነው።

ዛሬ ግን ከዚህ የባሰ ነገር እያየሁ ነው። ባለፉት ዓመታት የስፖርት ውርርድ በየከተማው ገብቷል፤ ያ ዲኤስቲቪ ቤት ዛሬ ብዙ ቦታ ከቤቲንግ ቤቱ ጋር ጎን ለጎን ነው። ቅርብ ጊዜ በዚያው መንገድ ሳልፍ ጨዋታ ለማየት ገባሁ። አጠገቤ ያለው ልጅ የሚደግፈውን ክለብ ጠየቅኩት። ቲኬቱን አሳየኝ። ሰባት ጨዋታ መርጧል፤ በአንዱ አርሰናል እንዲያሸንፍ፣ በሌላው እንዲሸነፍለት የሚፈልገው የራሱ ቀድሞ ክለብ አለ። ጎል ሲገባ ዘሎ ጮኸ፤ በ90ኛው ደቂቃ ሌላ ቦታ ጎል ገባና ቲኬቱን ቀዶ ወጣ። የእሱ መጠበቅ ዘጠና ደቂቃ ነው። የሚደውልለት ምስክርም የለውም፤ ስንት እንደተበላ ለማንም መናገር አይፈልግምና።

አንዱ ትውልድ በሰው ክለብ አለቀሰ ብለን ስንወቅስ፣ ተከታዩ ለማንም የማያለቅስ ሆኖ እንዳይመጣ እፈራለሁ። መፍትሔው የእንግሊዝን ኳስ መከልከል አይደለም። ሰመራም አዋሽም የራሳቸው ቡድን፣ ያውም ቢሸነፍ የማይፈርስ ቡድን ይኑራቸው። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው እርከን ይጫወት፣ ሠላሳ ዓመት ዋንጫ አያንሳ። የሚጠበቅለት ነገር ይሁን ብቻ።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። ያን ምሽት ሰው ሁሉ ወደ ውጭ ሲወጣ እሳቸው በተቃራኒው ከበሩ ተመልሰው ገቡና ባዶው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ረዳታቸው ውጭ ይጨፍራል። ቀርቤ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። «አርሰናልን ያስለመደኝ ታናሽ ወንድሜ ነው» አሉኝ፤ «የ97ቱን አብረን ነው ያየነው። አሁን ጅዳ ነው፣ ሰባት ዓመቱ።» ስልካቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሦስት ጊዜ ደውለው አልያዘላቸውም።

የቤቱ ባለቤት ቴሌቪዥኑን ሊያጠፋ ሲል ስልኩ ጠራ። አነሱት። ከወዲያ ያለው ሰው ምን እንዳለ አልሰማሁም። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ያሉት አንድ ቃል ብቻ ነው።

«አየህ? ... አየህ?»

ቸር እንሰንብት።